ሰባት ቁጥር ድንጋይ

ፐርዝ፣ አውስትራሊያ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነጋሳ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎንም እትዬ ሸዋአየሁንም በጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሁን በጋ ነው፤ ሙቀቱ አርባ ገብቷል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ሥር ስለምውል ጋቢ ያምረኛል።

ስልክ ብደውል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። አርባ ዓመት የድንጋይ መቁረጫ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ቢያስቸግር አይፈረድበትም። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደብዳቤዎን እወደዋለሁ። ሐውልት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የእጅ ጽሕፈትዎ ሁሉ የመቃብር ጽሑፍ ይመስላል። «ለልጄ ለሀዊ ሊካሳ» የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር ከሞትኩ የቆየሁ ይመስለኛል።

የካዛንቺስን ነገር አባቴ ነገረኝ። ቤቱም ወርክሾፑም መፍረሱን፣ እናንተም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም መግባታችሁን ሰማሁ። አባቴ «የአጎቴ ልጅ እንደሆነ ድንጋይ ይዞ የትም ይኖራል» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ያሰብኩት ለእትዬ ሸዋአየሁ ነው። ተወልደው ያደጉበትን ሰፈር መልቀቅ ቀላል አይደለም። እንዴት ሆኑ?

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ነሐሴ ከታንዛኒያ ስመለስ ሻንጣዬ ከብዶ አንድ የእንጨት ሳጥን እርስዎ ዘንድ ትቼ ነበር። ዘጠኝ ድንጋይ ነው ያለበት። በዕቃ መጓጓዝ መሐል ካልጠፋ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡልኝ። አልቸኩልም፤ ሰው ሲገኝ አስመጣዋለሁ።

የዚያን ቀን «ይህን ጥቁር ድንጋይ ማን ይገዛሻል?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ስለነበር ሳልመልስ ሄድኩ። አሁን ልመልስ።

ምድር መጀመሪያ ላይ እንደ ዛሬው አህጉር አልነበራትም። እኛ የቆምንበት የብስ በረጅም ዘመን ቀስ እያለ የተሠራ ነው። እንዴት ተሠራ የሚለው ነው የእኔ ትምህርት። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቀልጠው ወጥተው የጠጠሩ ናቸው፤ ማግኒዝየም የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለባቸው። እንዲህ ማግኒዝየም የበዛበት ድንጋይ ምንጩ ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ጥልቅ ክፍል ነው። የሚገርመው ግን አንዳንዱ ከዚያ ጋር የላይኛውን ቅርፊት ምልክት ይዞ ይገኛል። ፖታሲየሙ በዛ ያለ፣ ውሃም የነካው ይሆናል። ከታች የመጣ ድንጋይ የላዩን ነገር ከየት አገኘው? ላይ የነበረው አንድ ጊዜ ወደ ታች ገብቶ፣ ከጥልቁ ጋር ተዋህዶ፣ እንደገና ቀልጦ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ነገር መቼ እንደጀመረ ያወቀ ሰው፣ አህጉር እንዴት እንደተሠራ ግማሹን አወቀ።

ስለዚህ ማን ይገዛሻል ላሉት መልሱ፣ ማንም አይገዛኝም ነው።

አዲሱን ቤት የሰላምና የጤና ያድርግላችሁ።

ልጅዎ ሀዊ

—

ሰንጋ ተራ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀዊ ሊካሳ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ከጆሮዬ በስተቀር ሁላችን ደህና ነን፤ ላቆየን አምላክ ምስጋና ይግባው። መነጽሬ ከካዛንቺስ ስንነሳ ከዕቃ ጋር ስለጠፋ ደብዳቤሽን ሸዋዬ ናት ያነበበችልኝ። እኔ እንድሰማ ስትጮህ ፎቁ ሁሉ ሰማ። ጎረቤታችን ሪሐና በሩን አንኳኩታ «ማግኒዝየም ለደም ግፊት ጥሩ ነው፣ ከየት ነው የምታገኙት?» አለችን። ሳጥን ውስጥ ነው ብዬ መለስኩላት።

ሦስተኛ ፎቅ ነው የደረሰን። ወርክሾፑን ቡልጋሪያ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ተከራይቼ ተክያለሁ። እነሱ የእኔ አቧራ ቀለማቸውን እያበላሸ እንደሆነ ይከሱኛል፣ እኔም የእነሱ ቀለም ሳንባዬን እንደጨረሰው እነግራቸዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አብረን ሻይ እንጠጣለን።

የሸዋዬ ነገር ግን አሳስቦኝ ነበር። በየሁለት ቀኑ ታክሲ ተሳፍራ ካዛንቺስ ሽንኩርት ልትገዛ ትሄዳለች። እዚያ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው የለም፣ የቀረው መንገድና አጥር ነው። ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለስና «ዛሬ አልወጡም» ትለኛለች። አንድ ቀን ምን ጎደለሽ ስላት «ይህ ቤት ደፍ የለውም፣ ደፍ የሌለው ቤት ኮሪደር ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የድንጋይ ደፍ ሠራሁላት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ስትረግጪው የሚያበራ። የፎቁ ሰው በየተራ እየመጣ አየ፣ እሷም ለሁሉም ሻይ አፈላች። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት የምትገዛው ከዚሁ ከሰንጋ ተራ ነው። እኔ አርባ ዓመት ስሠራ እንደዚያ ደፍ ያኮራኝ ሥራ የለም።

ሳጥንሽ አለ። እንዲያውም ስታይው ደስ ይልሻል፣ ከዚህ በላይ አልነግርሽም። ከእኔ ወርክሾፕ ሸካራ ሆኖ የወጣ ድንጋይ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ካንቺ አንድ ነገር ልለምን። የድንጋይ መቁረጫ የአልማዝ ዲስክ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ሁለት ድንጋይ ቆርጦ ይሞታል።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ ስምሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ነጋሳ

—

ፐርዝ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነጋሳ፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። እትዬ ሸዋአየሁ ሽንኩርት ከሰንጋ ተራ መግዛት በመጀመራቸው ከልቤ ደስ አለኝ። ደፉን በዓይኔ እስካየው ቸኩያለሁ።

አሁን የምጽፍልዎ ተጣድፌ ነው። ነሐሴ ላይ ይዤ የመጣሁትን ሌላውን ሳጥን መርምረን ጨረስን፤ ሁሉም ዕድሜያቸው ቀረብ ያለ ነው፣ አዲስ ነገር አልነገሩንም። ፕሮፌሰሯ እርስዎ ዘንድ ያሉት ዘጠኙ አሁኑኑ ይምጡ አለችኝ። ሃይላይ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መቀሌ ይመጣል፣ መጋቢት 22 በአዲስ አበባ ሲያልፍ ሳጥኑን ይረከብዎታል። ዲስኩንም ይዞልዎ ይመጣል፣ ጥሩውን ነው የገዛሁት።

«ስታይው ደስ ይልሻል» ያሉት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ብቻ አደራ፣ ድንጋዮቹ አይታጠቡ፣ አይነኩ። ቆዳቸው ላይ በቀይ ቀለም የጻፍኳቸው ቁጥሮች አሉ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነው፣ እያንዳንዱ ድንጋዩን ያነሳሁበት ቦታ ነው። አራት ቁጥርና ሰባት ቁጥር ለምሳሌ በመልክ መንታ ናቸው፣ ቦታቸው ግን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይራራቃል፣ ዕድሜያቸውም ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ። ድንጋይ ከየት እንደመጣ ራሱ አይናገርም። ቁጥሩ ከጠፋ በእጄ የሚቀረው ዘጠኝ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ ሦስት ዓመት የደከምኩበት የዶክትሬት ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ። ጤና ይስጥልኝ።

ሀዊ

—

ሰንጋ ተራ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀዊ ሊካሳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሳጥኑን ለሃይላይ አስረክቤያለሁ። ጨዋ ልጅ ነው። ዘጠኙም ቁጥር አላቸው።

ዲስኩን ይዞልኝ መጥቶ ነበር፣ መልሼለታለሁ። አሁን አያስፈልገኝም።

መነጽር ገዛሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን ራሴ አነባለሁ፣ ሸዋዬን አናስቸግርም።

ጌታ ይጠብቅሽ።

ነጋሳ

—

ፐርዝ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነጋሳ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጥቻለሁ እንጂ ደህና ነኝ።

ሰባት ቁጥር ተናገረ። ማግኒዝየሙ ከፍተኛ ነው፣ ስለዚህ ከጥልቁ ነው የመጣው። ከዚያ ጋር ግን የላይኛው ቅርፊት ምልክት ሁሉ አለበት። ጥር ላይ የጻፍኩልዎን ያስታውሱ፤ ላይ የነበረው ወርዶ ተመልሶ ወጣ ያልኩትን።

ይህ ለምን እንዳስጨፈረን ላስረዳዎ። ድንጋዩ ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠርበት ማዕድን ፈልጌ አጣሁ። ዕድሜውን የማውቀው ከቦታው ነው። ሰባት ቁጥርን ባነሳሁበት ስፍራ ድንጋዩን ሰንጥቆ የገባ ሌላ ድንጋይ አለ፣ የዚያ ዕድሜ ተለክቷል። የተሰነጠቀው ከሰነጠቀው ይቀድማል። ስለዚህ ሰባት ቁጥር በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ምልክት ከተገኘባቸው ሁሉ በመቶ ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። እዚያ የአህጉሩ ሥራ እስከ ዛሬ ካሰብነው በጣም ቀድሞ ጀምሯል ማለት ነው። ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ ይህች ሴት መስኮት ስትከፍት አይቼ አላውቅም። በጥቅምት መጨረሻ ትልቅ ጉባኤ አለ፣ እኔ ነኝ የማቀርበው።

ያለፈው ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። አሞዎት ይሆን? ዲስኩንስ ለምን መለሱት? ሃይላይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፣ ባየሁት ቁጥር ያሳስበኛል። ስለ ጋራዡ ሰዎች፣ ስለ ሪሐና፣ ስለ ደፉ ጻፉልኝ።

በረከትዎ አይለየኝ።

ሀዊ

—

ፐርዝ
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነጋሳ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ለሰኔው ደብዳቤ መልስ ሳጣ አባቴን ጠየቅሁት። «ደህና ነው፣ ከእሱ ጋር ግን ወሬ አይገኝም፤ ሸዋአየሁም እህል አልበላ አለኝ ብላ ትማረራለች» አለኝ። ያስቀየምኩዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

የጉባኤው ጽሑፍ ተልኳል። ሰባት ቁጥር ርዕሱ ላይ አለ።

አንድ የምጠይቅዎ ነገር ነበረኝ። ጽፌው ሰረዝኩት። ይቆይ።

ሀዊ

—

ሰንጋ ተራ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀዊ ሊካሳ፣

ያላስቀየምሽኝ ልጅ ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ክረምቱ ከብዶ ነው የከረመው፣ የከበደው ግን እኔ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። እጄ ድንጋይ ላይ ስህተት ሲሠራ አይታረምምና አስቤ መቅረጽ ለምጃለሁ፤ ይህ ግን በማሰብ የሚቀል አልሆነም።

ሳጥንሽ ካዛንቺስ ወርክሾፑ ውስጥ ከመቁረጫው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን፣ ለመፍረስ ሦስት ሳምንት ሲቀረን፣ ከአንዱ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ስባሪ ወድቆ ውስጡን አየሁት። ላዩ የተቃጠለ ጥቁር፣ ውስጡ አረንጓዴ። እንዲህ ያለ ቀለም እጄ ገብቶ አያውቅም። አንዱን ልየው ብዬ ቆረጥኩት፣ አለሰለስኩት። ውሃ ሳደርግበት ሸዋዬን ጠርቼ አሳየኋት። ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠኙንም። ከእያንዳንዱ ቆዳውን እንደ ዳቦ ገመስኩና ፊቱን አበራሁት። ሸካራ አደራ ተቀብዬ ሸካራ መመለስ ነውር መስሎኝ ነው። ስትመጪ ሳጥኑን ከፍተሽ የምትስቂው ሳቅ ይታየኝ ነበር። ቀዩን ቀለም አይቼዋለሁ። የአራጋፊ ምልክት መስሎኝ ነው፤ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያልፍ እንደሚቀቡት።

መጋቢት ላይ ደብዳቤሽን ሸዋዬ ስታነብልኝ «አይነኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ አልሰማሁም ብዬ አስደገምኳት። ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ሳጥኑን ከፍቼ ቁጥሮቹን መለስኩባቸው። ከዘጠኙ ሰባቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ ነጭ ጅማት አለው፣ አንዱ ነጠብጣብ አለው፣ ሌላው ይከብዳል፣ ስቆርጣቸው የቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሁለቱን ግን አላወቅኋቸውም። አራትንና ሰባትን። ራስሽ መንታ ናቸው ያልሽኝ ናቸው። አንድ ቀን ሙሉ በእጄ ሳገላብጣቸው ዋልኩ። ሃይላይ ሊመጣ ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ ላይ አራት፣ አንዱ ላይ ሰባት ጻፍኩ። በግምት ነው የጻፍኩት።

ሰኔ ላይ ሰባት ቁጥር ተናገረ ስትዪኝ ምን እንደሆንኩ አልነግርሽም። የተናገረው እኔ እንዳልሆንኩ በምን ታውቂያለሽ?

ማወቂያው አለ፣ ይህ ነው ደግሞ የባሰው። የገመስኳቸውን ቆዳዎች አልጣልኩም። የሸዋዬ ደፍ የተሠራው ከእነሱ ነው። የተቆረጠውን ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ቆዳቸውን ወደ ታች አድርጌ በኖራና በአሸዋ ማልታ ቀብሬያቸዋለሁ። ቀይ ቁጥርሽ እንዳለ ከሥር ነው። እሱን ለማየት ደፉን መንቀል አለብኝ። በየማለዳው ላወልቀው እነሳለሁ፤ እሷ ደፉን በጨርቅ ስትወለውል አገኛታለሁ፤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።

ጽሑፍሽን ከቻልሽ መልሺው። ስምሽን አበላሸሁብሽ። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ።

ነጋሳ

—

ፐርዝ
መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሽ ነጋሳ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ደብዳቤዎን ዛሬ ጠዋት ተቀበልኩ፣ ለማንበብ ቁጭ ያልኩበት ወንበር ላይ እስከ ምሳ ቆየሁ። እርስዎ ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው ንጹሕ አይደለችም። አሁን የእኔን ይስሙ።

ሃይላይ ሳጥኑን ሲያመጣልኝ የከፈትኩት እኔው ነኝ። ዘጠኝ ድንጋይ እንደ መስታወት ያበራሉ። የተቆረጠው ፊት ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። እኔ በቀይ ነው የጻፍኩት። ቁጥሩም የእኔ እጅ አይደለም። የሰባት አኃዙ እግር ላይ ትንሽ እርከን አለ፣ እርስዎ ሐውልት ላይ እንደሚቀርጹት። የማን እጅ እንደሆነ ገና ክዳኑን እንዳነሳሁ አውቄያለሁ።

መጠየቅ ነበረብኝ። ያንኑ ቀን «ጋሼ፣ ቁጥሩን ከምን ገለበጡት?» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ጠንቃቃ ስለሆኑ ሳይገለብጡ አይቆርጡም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ውጤቱ መጣ፣ ውጤቱ ደግሞ አማረ። ውጤቱ ባያምር ኖሮ በማግስቱ እጠይቅዎት ነበር። ስላማረልኝ ዝም አልኩ። ሐምሌ ላይ ጽፌ የሰረዝኩት ጥያቄ ይኸው ነው። ፕሮፌሰሯ ድንጋዮቹ ለምን ለሰለሱ ስትለኝ አገር ቤት አስቆርጬ ነው አልኳት፣ ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። እርስዎ አንድ ቀን ገምተው አምስት ወር ሙሉ ታመሙበት። እኔ አምስት ወር ሙሉ ተኛሁበት። አፈርኩ።

ዛሬ ከሰዓት ሁሉን ለፕሮፌሰሯ ነግሬያታለሁ። አልጮኸችም። መስኮቱን ዘጋች።

ጽሑፉን ከጉባኤው አነሳዋለሁ። ተመልሶ ታንዛኒያ ለመሄድ ፈቃዱ ዓመት ይፈጃል፣ እጠብቃለሁ። እርስዎን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ደፉን እንዳይነኩት። እትዬ ሸዋአየሁ ቤት ያገኙት በስንት መከራ ነው። የእኔ ጉባኤ የእርሳቸውን በር አያህልም። ይህንንም ደብዳቤ እባክዎ ለብቻዎ ያንብቡት።

ሀዊ

—

ሰንጋ ተራ
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀዊ ሊካሳ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን፣ ዛሬስ ጆሮዬን ጨምሬ፣ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አንብቤ ነበር። መነጽሬን ከላዩ አስቀምጬ ፊቴን ልታጠብ ብነሳ ሸዋዬ አንስታ አነበበችው። ከዚያ በነሐሴ ምን ብዬ ጽፌልሽ እንደነበር ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ካዛንቺስ ልትሄድ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከበሩ መዶሻ ሰማሁ። ልብ በዪ፣ እኔ የሰማሁት መዶሻ ነው፣ ፎቁ ምን እንደሰማ አስቢው። ብወጣ ሪሐና ባልዲ ይዛ ቆማለች፣ ሸዋዬ ተንበርክካ በመሮዬ ደፉን ትፈነቅላለች። አያያዟ ልክ አልነበረም፣ ድንጋዩን ልትሰብረው ነው። «ተዪው፣ ልጅቱ ራሷ አትንኩት ብላለች» አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ «የልጅቱን ስም እየረገጥኩ አልገባም አልወጣም። ይልቅ ናና አያያዙን አሳየኝ» አለችኝ። አብረን ነቀልነው። አርባ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር አብረን ድንጋይ ስንነካ የመጀመሪያችን ነው።

አንዱም አልተሰበረም። ማልታውን በመሮ ጫፍ ቀስ እያልን አራግፈን በጥርስ ብሩሽ አጠብነው። ቀይ ቁጥሮችሽ ዘጠኙም አሉ።

አሁን ስሚ። ቆዳውና አንቺ ዘንድ ያለው ድንጋይ በአንድ ዲስክ የተለያዩ ናቸው። ዲስኬ ያኔ ያረጀ ነበር፣ እየተወላገደ ነው የቆረጠው፣ ማለስለሴም ያንን አላቃናውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላ ጋር አይገጥምም። ጅማቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቆዳዎቹን ልኬልሻለሁ። ሸዋዬ ደውላ ጉዳዩን ስትነግረው ሃይላይ ወደ እናንተ በሚመጣ ዘመዱ በኩል ይደርሳል ብሏታል። ግጠሚያቸው። የትኛው ሰባት እንደሆነ እኔም ልወቅ። አጠገብሽ ሆኜ ባየው በወደድኩ።

በሩ አሁን ሲሚንቶ ነው። ሸዋዬ ግን ሽንኩርት ከዚሁ ነው የምትገዛው።

ነጋሳ

—

ፐርዝ
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወዳችሁ ለጋሽ ነጋሳና ለእትዬ ሸዋአየሁ፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም እኩል ይድረስ። ከእንግዲህ የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው።

ቆዳዎቹ ጉባኤው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ደረሱ። ፕሮፌሰሯንና ሃይላይን ጠርቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። እርስዎ ያወቋቸውን ሰባቱን መጀመሪያ ገጠምኳቸው፣ ሁሉም ልክ ነበሩ፤ እጅዎ ያስታወሰውን አልሳተም። ከዚያ ሰባት የሚል ቀይ ቁጥር ያለበትን ቆዳ አንስቼ፣ ሰባት ብዬ የመረመርኩት ድንጋይ ላይ አስጠጋሁት። በሁለቱ መሐል ብርሃን ያልፋል። አዞርኩት፣ አሁንም ያልፋል። አራት ቁጥሩን አስጠጋሁት። ገጠመ፣ ጅማቱ ተሻገረ፣ የዲስክዎ ውልግድግድ እንኳ ተያያዘ።

ስለዚህ የተናገረው ድንጋይ አራት ነው። አራት ደግሞ ወጣት ነው፣ የሚለው ሁሉ ከዚህ በፊት የታወቀ ነው። እውነተኛው ሰባት፣ አራት ብዬ የመረመርኩት፣ የጥልቁ ማግኒዝየም ብቻ ነው ያለበት። የላይኛው ቅርፊት ምልክት የለበትም። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ዘመን፣ ላይ የነበረው ገና ወደ ታች አልገባም ነበር፣ ገብቶም ከሆነ ምልክቱን እዚህ ድንጋይ ላይ አልተወም።

አለቀስኩ። አልደብቅዎትም። ሃይላይ ሻይ አመጣልኝ። ፕሮፌሰሯ ሁለት ቀን ካኮረፈችኝ በኋላ ደውላ «ሰባት ምንም አላለም ማለት ሰባት ዝም ብሏል ማለት አይደለም፤ ያኔ አልተጀመረም ብሎሻል፣ እሱን ጻፊ» አለችኝ። የመናገሪያ ሰዓቴ ገና አልተሰረዘም ነበርና በቀረኝ አራት ቀን ጻፍኩት። ትንሽ ነው፣ ግን ልክ ነው። በሰባትና በአራት መሐል ባለው መቶ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ያንን ነው ያቀረብኩት። ስህተቱንም ከነአመጣጡ ተናገርኩ፣ ከእርስዎ ዝምታ በፊት የራሴን። አዳራሹ ውስጥ የሳቀም ነበር። አንድ ሽማግሌ የድንጋይ ሊቅ ግን ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛው መጥተው ድንጋዩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ይህን ያለሰለሰው ማነው?» አሉኝ። ዘመዴ ነው አልኩ። ስሰናበታቸው ድረስ እየዳሰሱት ነበር።

ዘጠኙን ቆዳዎች መልሼ ልኬያለሁ። እዚህ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የእትዬ ሸዋአየሁ በር ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ።

የአራትንና የሰባትን ነገር ለማንም ያሻዎትን ይንገሩ፣ እኔ አላፍርበትም። እግዚአብሔር ያቆይልኝ።

ልጃችሁ ሀዊ

—

ሰንጋ ተራ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሀዊ ሊካሳ፣

ጤናሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ጆሮዬም እንዳለ ነው፣ የመስከረሙ የመዶሻ ድምፅ ብቻ ነበር።

ቆዳዎቹ ደረሱ። ሸዋዬ «ያ ሽማግሌ እጁን ታጥቦ ነው የዳሰሰው?» ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት።

ደፉን ትናንት መልሼ ቀበርኩት። ስምንቱን እንደ በፊቱ ነው፣ የበራው ፊታቸው ወደ ላይ። ሰባትን ግን ገልብጬዋለሁ። ቆዳው ወደ ላይ ነው፣ መሐል በሩ ላይ፣ ቀይ ቁጥርሽ እንዳለ። አላለሰለስኩትም፣ ጠርዙንም አልነካሁትም። ከእጄ ሸካራ ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው ድንጋይ ነው። እግር ይይዛል። እንግዳ ሲገባ ሸዋዬ «እግርህን አንሳ፣ ሀዊ እዚህ አለች» ትላለች፤ ሰውም እግሩን አንስቶ ይገባል።

ዲስኩ አሁንም ጠረጴዛሽ ላይ ከሆነ፣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ።

ነጋሳ